ከኮዬ ፈጬ ተነስቶ አዋሽ ፓርክን በአንድ ቀን አይቶ መመለስ ይቻላል?

የኮዬዋ እናት፦

ሰላም እንዴት ናችሁ? የምንኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው። በመንፈቀ ዓመቱ የትምህርት እረፍት አዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ለመሄድ ቤተሰቡ ተስማምቷል፤ የተስማማው ግን በመሄዱ ላይ ብቻ ነው። ባለቤቴ «ፈጣን መንገዱ ቱሉ ዲምቱ ላይ ይጀምራል፣ ደጃችን ማለት ነው፤ ማልደን ወጥተን ለእራት ቤታችን እንገባለን» ይላል። እናቴ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ከፍል ውሃው በቀር ሌላው አይታያቸውም። ወንዱ ልጄ አንበሳ ይላል፣ ሴቷ አዞ ትላለች። እኔ ደግሞ፣ ማን ይጠይቀኛል እንጂ፣ ማየት የምፈልገው ገደሉን ነው። ሰፈራችን ከመስኮት ባሻገር ሌላ መስኮት ነው ያለው፤ ዓይኔ ሳይጋረድ ርቆ የሚሄድበት ቦታ አምሮኛል።

መኪናችን ቪትዝ ናት። ፓርኩ ውስጥ ትገባለች? አንድ ቀን ይበቃል ወይስ ማደር ግድ ነው? ሙቀቱስ ለትልቅ ሰው አይከብድም? ደግሞም በ2017 ዓ.ም. ያ ሁሉ መንቀጥቀጥ የመጣው ከዚያው ከፈንታሌ አካባቢ ነው ሲባል ሰምተናል። እኛ አራተኛ ፎቅ ላይ ነን። አምፖሉ ሲወዛወዝ ልጆቹን በብርድ ልብስ ጠቅልለን ደረጃውን የወረድንበትን ሌሊት እናቴ አልረሱትም። «ከሸሸነው ነገር ቤት ድረስ ልትወስጂን ነው?» ብለውኛል። ምን ብዬ ልመልስላቸው?

መንገደኛው፦

እኛ ከጎሮ ተነስተን በአንድ ቀን ደርሰን ተመልሰናል። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ወጣን፣ ሳላ አየን፣ ከርከሮ አየን፣ ፏፏቴው ጋ ፎቶግራፍ ተነሳን፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ቤታችን ነበርን። አንበሳ የሚባል አላየንም። ሙቀቱ ከባድ ስለሆነ ውሃ በብዛት ያዙ። ለማደሪያ ገንዘብ ማፍሰስ ግን አያስፈልግም፤ ከሰዓት በኋላ የሚታይ ነገር የለም።

የገላኑ ሹፌር፦

«ከሰዓት በኋላ የሚታይ ነገር የለም» የሚለውን ሳነብ የያዝኩትን ሻይ አስቀመጥኩ። ወንድሜ፣ አንተ ያየኸው በቀትር ነው። በቀትርማ እንስሳውም ጥላ ፈልጎ ይተኛል፣ ጠባቂውም ያዛጋል።

እህቴ፣ እኔ የሥራ ዘመኔን ያሳለፍኩት ጎብኚ በማመላለስ ነው፤ አሁን ጡረታ ወጥቼ ገላን ተቀምጫለሁ። ከመንገዱ ልጀምር። ከአዲስ አበባ እስከ ፓርኩ መግቢያ ከ200 ኪሎ ሜትር ትንሽ ይበልጣል። ከቱሉ ዲምቱ እስከ አዳማ ያለው 85 ኪሎ ሜትር ገደማ ፈጣን መንገድ ነው፤ ሳታስቡት ያልቃል። ባለቤትሽ ሒሳቡን የሠራው በዚህኛው ነው። ከአዳማ በኋላ ግን በወለንጪቲና በመተሐራ የሚያልፈው የጅቡቲ መንገድ ይጠብቃችኋል። የአገሪቱ ወጪና ገቢ ዕቃ አብዛኛው የሚጓዘው በእርሱ ላይ ነው። ባለተሳቢ ከፊት፣ ባለተሳቢ ከኋላ፣ ለመቅደም የቸኮለ ደግሞ ከጎን። በዚያ መንገድ ላይ ከመሸ በኋላ ልጆች ጭኖ፣ ትንሽ መኪና ይዞ፣ ፊት ለፊት የሚመጣው መብራት ዓይን እያጠፋ መመለስን እኔ አላደርገውም። ስለዚህ ማደር የምላችሁ ለምቾት ብዬ ብቻ አይደለም።

አሁን ወደ ገደሉ። ከቤተሰቡ መካከል ትክክለኛውን ነገር የመረጥሽው አንቺ ነሽ። ሰው ወደ አዋሽ የሚሄደው አንበሳ ብሎ ነው፤ ሳያይ ይቀርና «ምንም የለም» እያለ ይመለሳል። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1966 ሲመሠረት የተከለለው 756 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ የመኪናው መንገድና ባቡሩ መሃሉን ሰንጥቀውት ያልፋሉ። ከአዲስ አበባ ስትመጡ በስተቀኝ የኢላላ ሳላ ሜዳ ነው፤ ሳላው፣ ከርከሮው፣ እንሹው እዚያ ይታያል። በስተግራ እሳተ ገሞራው የፈንታሌ ተራራ ነው። በሜዳው ላይ ደረቅ ሣር፣ ግራር፣ አቧራ፣ እንደገና ሣር እያላችሁ ወደ ደቡብ ስትሄዱ መሬቱ በድንገት ያልቃል። ከፊታችሁ በአንዳንድ ቦታ ከ100 ሜትር በላይ የሚወርድ ጥቁር ገደል አለ፤ ከሥሩ አዋሽ ቀጥኖ ይታያል።

ገደሉን የቆረጠው ወንዙ ራሱ ነው። የቆረጠው ደግሞ እሳተ ገሞራ በየዘመኑ አፍስሶ ያነባበረውን ድንጋይ ነው፤ ንብርብሩ ግድግዳው ላይ በግልጽ ይታያል። ታዲያ ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን ሁሉም አንድ ዓይነት ግራጫ ይሆናል። ጥላ ከሌለ ጥልቀት የለም። ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ አንደኛው ወገን ጥላ ሲለብስና ሌላው ሲቀላ ነው እስከ ታች ድረስ የሚታየው። መንገደኛው በዚያ ሰዓት ወለንጪቲ ደርሶ ነበር።

እኛ የከተማዋ ዳርቻ ሰዎች ደግሞ ይህን ወንዝ እንደ ባዕድ ማየት የለብንም። አዋሽ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ፣ ከጊንጪ አካባቢ ከፍታዎች ይነሳና በበቾ ሜዳ አድርጎ መልካ ቁንጥሬን ያልፋል። የከተማውን ጉድ ሁሉ ተሸክመው የሚወርዱት ትልቁና ትንሹ አቃቂ አባ ሳሙኤል ላይ ይገናኙና ወደ እርሱ ይገባሉ። ከዚያ ቆቃ፣ ቀጥሎ ወንጂ፣ ሶደሬ፣ መተሐራ፣ ከዚያም የፓርኩ ፏፏቴ። አቃቂ ድልድይ ላይ አፍንጫችንን ይዘን የምናልፈው ውሃ በዚያ ገደል ውስጥ ያልፋል ማለት ነው። ወደ 1,200 ኪሎ ሜትር ተጉዞም ባሕር አይደርስም፤ ጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ውስጥ ያበቃል። ልጆችሽ ፏፏቴው ሥር እንዋኝ ቢሉ እኔ ከአዞው በፊት የሚያሳስበኝ ይኸው ነው። አዞውም ግን አለ፤ ስለዚህ ሴቷ ልጅሽ የልቧ ሊደርስላት ይችላል። ከላይ ሆና ትይ፣ ወደ ውሃው አትውረድ።

ስለ ቪትዟ። ከመግቢያው እስከ ፏፏቴው ያለው ጠጠርና አቧራ ነው፤ በበጋ በዝግታ ከነዳችኋት ትደርሳለች። ክረምት ላይ አትሞክሩት። ወደ ሰሜን፣ ወደ ፍል ውሃው የሚወስደው ግን ሌላ ነው፤ ከዋናው መንገድ ወደ ውስጥ 30 ኪሎ ሜትር ያህል የሚዘልቅ ኮረኮንች ስለሆነ ከፍ ያለና በአራቱም ጎማ የሚነዳ መኪና ይፈልጋል። ቦታው ያምራል፤ በበረሃ መሃል ዘንባባ የከበበው ኩሬ፣ ውሃው ጥርት ያለ። ነገር ግን ጉልበታቸውን የሚያማቸውን እናት በዚያ መንገድ አንገላትቶ ወስዶ ፍል ውሃ መንከር መድኃኒቱን ከበሽታው የባሰ ማድረግ ነው። እናትሽን ሶደሬ ውሰጃቸው። ከአዳማ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ መታጠቢያው የተሠራለት ነው፣ ያውም በዚሁ በአዋሽ ዳር ነው።

ማደሪያ ከፏፏቴው አጠገብ አለ፤ መተሐራና አዋሽ ሰባት ከተማም ሆቴሎች አሉ። አዋሽ ሰባት ካደራችሁ ከተማው ራሱ ገደሉ አፋፍ ላይ ነው የተቀመጠው። እ.ኤ.አ. በ1917 ከጅቡቲ አዲስ አበባ የደረሰው የአሮጌው ባቡር ጣቢያም እዚያው ነው። ለባለቤትሽ አሳዪው፤ ባቡሩ ራሱ በዚያ ዘመን አዋሽ ላይ ተሳፋሪውን ምሳ ያበላ ነበር፤ እንደ እርሱ አይቸኩልም።

የመተሐራ ልጅ፦

ጋሼ የጻፉት ልክ ነው። እኔ ስለ መንቀጥቀጡ ልጨምር፤ ያደግኩት እዚያው ነው፣ አሁን ቃሊቲ እኖራለሁ።

እናትሽ «ቤቱ ድረስ» ማለታቸው ትክክል ነው። በመስከረም 2017 የጀመረው መንቀጥቀጥ ማዕከሉ በፈንታሌና ከእርሱ በስተሰሜን ባለው በዶፋን ተራራ መካከል ነበር። ከሁሉም የበረታው በየካቲት 2017 የደረሰው ነው፤ 6.0 ተለክቷል። ምክንያቱ ከምድር በታች ቀልጦ ያለ ድንጋይ ስንጥቅ እየከፈተ ወደ ጎን መግባቱ እንደሆነ የዘርፉ ሰዎች አስረድተዋል። ስምጥ ሸለቆ መሬቱ ወደ ግራና ወደ ቀኝ የሚለያይበት ቦታ በመሆኑ ይህ ዛሬ የተጀመረ ነገር አይደለም። እናንተ አምፖል ሲወዛወዝ ያያችሁትን ያህል፣ በእኛ በኩል ግድግዳ ተሰንጥቋል፣ መሬት ተከፍቷል፣ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ከቤቱ ተነስቶ ድንኳን ውስጥ ሰንብቷል። ዶፋን ላይ እንፋሎትና አቧራ በኃይል ወጥቶ ነበር። ፈንታሌ ግን ቀልጦ የሚፈስ ድንጋይ አላወጣም፤ የመጨረሻው እ.ኤ.አ. በ1820 አካባቢ የወጣው ነው። ወደ መተሐራ ስትገቡ ከመንገዱ ዳር የተቆለለውን ጥቁር ድንጋይ ለእናትሽ አሳዪያቸው፤ ያኔ የፈሰሰው እርሱ ነው። ከየካቲት በኋላ ነገሩ ረገብ ብሏል። ሆኖም ለመሄድ በወሰናችሁበት ሳምንት ዜናውን አዳምጡ፤ ስለ መንገዱ ጸጥታም በዚያው ሰሞን ከሄደ ሰው ወይም ከፓርኩ ጽሕፈት ቤት ሳትጠይቁ አትነሱ።

የበሰቃን ሐይቅ ሳታዩ አትለፉ፤ እንዳያልፋችሁም መንገዱ በላዩ ላይ ነው የሚሄደው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የነበረ ሐይቅ ዛሬ ከ40 በላይ ሆኗል። የድሮው መንገድና ሐዲድ ስለተዋጠ ከፍ ተደርጎ እንደገና ተሠርቷል። አያቴ ከብት ያጠጡበት የነበረውን ቦታ ዛሬ የሚያሳዩኝ በጣት ወደ ውሃው መሃል እያመለከቱ ነው። ውሃው ጨዋማ ስለሆነ ለመጠጥም ለመስኖም አይሆንም፤ እየሰፋ ሲሄድ የመተሐራን የሸንኮራ ማሳ ያሰጋል እንጂ አያጠጣም። ሐይቅ በደረቀ ቁጥር ዜና የሚሠራበት አገር ውስጥ፣ እየሰፋ ስላስቸገረው የሚጽፍ ጥቂት ነው።

አንድ የመጨረሻ ነገር። ፓርክ ውስጥ ወይም ዳሩ ላይ ግመልና ከብት የሚነዳ ሰው ስታዩ «እዚህ ምን ይሠራል?» አትበሉ። ፓርኩም የሸንኮራ እርሻውም ከመከለሉ በፊት ከረዩ የሚባሉት አርብቶ አደሮች በዚያ መሬት ላይ ያሰማሩ ነበር፤ በሰሜኑ በኩል ደግሞ አፋሮች አሉ። ድርቅ ሲመጣ ወንዙ ካለበት ውጭ የሚሄዱበት የላቸውም። ፎቶግራፍ ከማንሳታችሁ በፊት ሰላም በሉ፣ ፈቃድ ጠይቁ።

መምህሩ ከለገጣፎ፦

ባዮሎጂ አስተምራለሁ። አንበሳ ለሚፈልገው ልጅሽ ከአንበሳ የበለጠ ነገር አለኝ፤ ዝንጀሮዎቹን እንዲያይ አድርጊ።

አዋሽ ላይ ሁለት ዓይነት ዝንጀሮ ይገናኛል። ከፏፏቴው በላይ፣ በወንዙ ዳር ባለው ጫካ፣ ፀጉሩ ወደ ወይራ ቀለም የሚያደላው አኑቢስ የሚባለው ይኖራል። ከፏፏቴው በታች በገደሉ ውስጥ ደግሞ ሃማድርያስ አለ፤ ወንዱ ትከሻው ላይ ግራጫ ጎፈር አለው፣ ፊቱ ወደ ቀይ ያደላል። የሁለቱ ኑሮ አይመሳሰልም። ሃማድርያሱ ወንድ ጥቂት ሴቶች ይዞ ከሌላው እየለየ ይጠብቃቸዋል፤ ከራቀች ማጅራቷን ነክሶ ይመልሳታል። በአኑቢስ መንጋ ውስጥ ግን ብዙ ወንዶችና ብዙ ሴቶች ተቀላቅለው ይኖራሉ። በመካከላቸው ባለው ክልል ሁለቱ ተዋልደው ድቅሎች ይገኛሉ፤ መልካቸውም ጠባያቸውም ከሁለቱም የተውጣጣ ነው። ይህ ቦታ በዓለም ላይ ዝርያዎች በተፈጥሮ ሲዳቀሉ ለረጅም ዘመን ከተጠናባቸው ቦታዎች አንዱ ነው። የትኛው የየትኛው እንደሆነ፣ የትኛውስ መሃል ላይ እንዳለ እየለየ በደብተሩ ይጻፍ። ክፍል ውስጥ አንድ ወር ብለፋ ይህን ያህል አላስጨብጠውም።

ሹፌሩ ስለ አመሻሹ የተናገሩትን እኔም እደግፋለሁ። ሃማድርያሶቹ ቀን በሜዳው ተበትነው ይውሉና ሲመሽ ለመተኛት ወደ ገደሉ ይሰበሰባሉ፤ ነብርና ጅብ እንዳይደርስባቸው ነው። ጫጫታቸው ከሩቅ ይሰማል። ምግብ ግን በፍጹም አትስጧቸው፤ የመኪናውን መስኮት ዝጉ፣ የታናሿን ብስኩት ደብቁ።

ወፍም አለ፣ ከ450 ዓይነት በላይ። ሜዳው ላይ ቀስ ብሎ የሚራመድ ቆሪ የሚባል ግዙፍ ወፍ ታያላችሁ፤ መብረር ከሚችሉት ሁሉ እጅግ ከባድ ከሚባሉት ይመደባል። አንዳንድ ጊዜ ጀርባው ላይ ንብ የምትበላ ደማቅ ቀይ ወፍ ተሳፍራ ትሄዳለች፤ እርሱ ሲራመድ ከሣሩ የሚነሳውን ነፍሳት እየዘለለች ትለቅምና ተመልሳ ትቀመጣለች።

መንገደኛው፦

አሁንም አንድ ቀን ይበቃል እላለሁ። ግን ስለ ዝንጀሮው የነገረን ሰው አልነበረም። አብሮን የነበረው ጠባቂ አንድም ነገር አልተናገረም።

የገላኑ ሹፌር፦

ጠይቀኸው ነበር?

የኮዬዋ እናት፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጋሼ የጻፉትን ባለቤቴ አንብቦ ዝም አለ፤ እርሱ ዝም አለ ማለት ተስማማ ማለት ነው። ልጁ ደብተር አዘጋጅቷል፣ ስለ አንበሳ ማውራት አቁሟል።

እናቴ ግን ሌላ ነገር አመጡ። «ሶደሬ ከሆነማ እኔ ገደል አፋፍ ላይ ምን እሠራለሁ?» አሉ። አክስቴ አዳማ ስለሆኑ እናንተ ስትሄዱ እኔ እህቴ ጋ እቀራለሁ፣ ስትመለሱ ሶደሬ ታደርሱኛላችሁ ብለዋል። ስለ መንቀጥቀጡ የነገራችሁኝን ሳነብላቸው በሰቃ ላይ ቆሙ፤ «ውሃ ከመሬት እየወጣ ነው? እንግዲህ እርሱም የእግዜር ሥራ ነው» ብለው ወደ ጸሎታቸው ተመለሱ።

ጋሼ፣ ገደሉ ጋ በ10 ሰዓት ለመድረስ ስንት ሰዓት እንነሳ? ባለቤቴ ደግሞ መኪናዋ ላይ ምን ማየት እንዳለበት ጠይቂልኝ ብሏል። በራሱ ስም መጠየቅ ከብዶት ነው።

የገላኑ ሹፌር፦

ከኮዬ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ውጡ። አዳማ ላይ እናትሽን አድርሱ፣ አክስትሽ ሳያበሉ እንደማይለቋችሁ አውቃለሁና ምሳ ብሉ፤ ግን ከ6 ሰዓት ተኩል በኋላ አትቀመጡ፣ ቡና ከተፈላ አልቋል። መግቢያው ላይ 9 ሰዓት አካባቢ ትደርሳላችሁ። ክፍያውን ፈጽማችሁ ጠባቂ ይዛችሁ በሜዳው በዝግታ ስትሄዱ ሰዓቱ ራሱ ይደርሳል። አፋፉ ላይ አጥር የለም፣ ድንጋዩም ይንሸራተታል፤ ልጆቹን እጅ በእጅ ያዟቸው፣ በተለይ ወንዱ ዝንጀሮ ሲያይ ይሮጣል። በማግስቱ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ እንደገና ሜዳው ላይ ሁኑ፤ ሳላውን በቅርብ የምታዩት ያን ጊዜ ነው። ፀሐይ ሳይከር ወደ አዳማ ተመለሱ።

የምትሄዱት ከ2,000 ሜትር በላይ ከሆነ ከፍታ ወደ 1,000 ሜትር ገደማ ነው፤ ልብሳችሁ ስስ ይሁን። ለማታው ግን እጅጌው ረጅም ይሁን፣ ወባ ያለበት አገር ነው። አልጋው አጎበር እንዳለው ክፍሉን ከመክፈላችሁ በፊት አይታችሁ አረጋግጡ።

ለባለቤትሽ፦ ነዳጁን አዳማ ላይ ሙላ። የራዲያተሩን ውሃ ቤትህ ሳለህ ሞተሩ ሳይሞቅ እይ። ስኮርታ ጎማዋን አውጥተህ ነፋሷን አረጋግጥ፤ ብዙ ሰው ስኮርታው ባዶ መሆኑን የሚያውቀው መንገድ ላይ ነው። ክሪኩና የብሎን መፍቻው መኪናዋ ውስጥ መኖራቸውንም እይ። መተሐራ ጎሚስታ ታገኛለህ፣ ፓርኩ ውስጥ ግን ማንም የለም። የምትጠጡትን ውሃ ደግሞ ካሰብከው እጥፍ አድርገህ ጫን፣ ግማሹን ከልጆቹ እግር ሥር አድርገው።